«በሶ» ብዬ ቀረጽኩ፣ «ሳበ» ብሎ ወጣ

በሶ፣ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ምንም ባልተጻፈበት ላስቲክ ስሸጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን አንዷ ደንበኛዬ «እህቴ፣ አዲስ አበባ ለአክስቴ ልወስድላት ነበር፤ ግን ላስቲኩን ስታይ ይሄን ዱቄት ከየት አነሳሽው ትለኛለች» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ። መለያ ወረቀት ላሠራ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ከሺህ በታች አናትምም ስላሉኝ ሺህ አዘዝኩ። «የገብስ በሶ» የሚለው «የገበስ በሶ» ሆኖ መጣ። ስጮህ «አይተሽ ፈርመሻል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ፈርሜያለሁ። መብራት ጠፍቶ በሞባይል ባትሪ ነበር ያየሁት። ሺው ወረቀት እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ነው፤ ልጄ ጀርባው ላይ ሒሳቧን ትሠራበታለች። ሴቶች በእጃቸው ቀርጸው ማተም የሚማማሩበት ቤት የሄድኩት በዚህ ንዴት ላይ ሆኜ ነውና ፍርዴ ትንሽ ቢያዳላ አትገረሙ።

ቦታው ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። አቮካዶ ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ። በቃ። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ማተሚያ ሆኖ ምልክት የሌለው ቤት ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ስጠይቅ «እየተቀረጸ ነው» አሉኝ። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ባጃጅ ነጂውን «ሴቶቹ የሚያትሙበት» በሉት፤ ካላወቀም አቮካዶውን ፈልጉ።

የሚማሩትም የሚያስተምሩትም ሴቶች ብቻ ናቸው። ባለቤቴ «ወንድ ምን አደረገ?» ብሎ አኩርፎ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ስነግረው መጣ፣ ቡና ጠጣ፣ አንድ ደብተር ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳም።

ክፍያው በወር 700 ብር ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ቀለምና መሣሪያ ከእነሱ፣ ወረቀትና ሊኖ ከራስ። ሊኖ የወለል ምንጣፍ የሚመስል፣ በስለታም መቅረጫ የሚፈለፈል ነገር ነው። ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው። ጀማሪ እንድትነካው አይፈቅዱም። ጀማሪ የጫማ ሶል ጎማ ተገዝቶላት እሱ ላይ ትለማመዳለች። ሕጉ አንድ ነው፤ የማትቀርጪበት እጅሽ ከምላጩ ፊት አይሁን። ሁሉም ትሰማዋለች፣ ሁሉም ትረሳዋለች። እኔ በሁለተኛው ቀን ነው የረሳሁት፤ ምልክቷ አውራ ጣቴ ላይ አለች።

አሁን ወደ በሶዬ ልምጣ። ጎማው ላይ «በሶ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አቀርቅሬ ቀረጽኩት። ቀለም ቀባሁ፣ ወረቀት ጫንኩበት፣ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ አሸሁት፣ አነሳሁት። «ሳበ» ይላል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ማን ነው የሳበው? ምኑን?

ለካ ህትመት እንደ መስታወት ነው፤ ግራውን ቀኝ ያደርገዋል። «በ» ሁለቱም እግሮቹ እኩል ስለሆኑ ቢገለበጥም ያው «በ» ነው። «ሶ» ግን ረጅሙ እግሩ በግራ ነው። ሲገለበጥ ረጅሙ እግር ወደ ቀኝ ይዞርና «ሳ» ይሆናል። ሁለቱ ፊደሎች ቦታም ይለዋወጣሉ። በሶ፣ ሳበ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳነብ «ሳ» እና «ሶ» ፊት ለፊት የቆሙ መንትዮች መሆናቸውን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። «ባ» እና «ቦ»ም እንደዚያው ናቸው። ያን ዕለት ማታ የልጄን የፊደል ገበታ መስታወት ፊት ይዤ ስቆም ባለቤቴ ጤንነቴን ጠየቀኝ።

ሴቶቹ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። «ደንበኛ ይሳብልሽ» ብለውም መረቁኝ። ያቺ ወረቀት አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ብትሄዱ ታዩዋታላችሁ።

አስተማሪያችን አዲስ አበባ፣ «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ህትመት ተምራ የመጣች ናት። ቁጣ አታውቅም። መፍትሔዋ የኩሽና ነው፤ ስስ ወረቀት ዘይት ነካ አድርጋ ብርሃን እንዲያሳልፍ ታደርጋለች። እሱ ላይ በእርሳስ ትጽፊያለሽ፣ ትገለብጪዋለሽ፣ ጎማው ላይ አድርገሽ ታሺዋለሽ። ተገልብጦ ያርፋል። እኔ ሁለት ሰዓት ያጣሁበትን ነገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ስላት «ብነግርሽ ትረሺዋለሽ» አለችኝ።

በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮም ላይ የወጣው የዳዊት መዝሙር መሆኑንም የሰማሁት ከእሷ ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ግዕዙን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ የእኛ መነኮሳት ነው። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ፖትከን አይደለም። ያን ፊደል አንድ በአንድ ገልብጦ የቀረጸው ሠራተኛ «ሳ»ን እና «ሶ»ን ስንቴ እንዳምታታ እግዜር ይወቀው።

ላቲኑም አይምርም። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ። ፈረቃዋ ጠዋት ሲሆን ከሰዓት ትመጣለች። ቤተሰቦቿ ጋ ስትሄድ የምትወስደው ካርድ ላይ «ዳኤ ቡሹ» ብላ ልትቀርጽ ፈለገች፤ በሲዳሙ አፎ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ነው። ልጅቷ የእኔን ጉድ ስላየች ፊደሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ በጥንቃቄ ደረደረች። ግን ትንሿ «ዲ» ስትገለበጥ «ቢ» መሆኗን፣ «ቢ»ም «ዲ» መሆኗን ረሳች። «ባኤ ዱሹ» ብሎ ወጣ። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ያንኑ አንድ የሸሚዝ ኪስ ስትሰፋ የምትውል ልጅ ናት። «እዚያ ስሳሳት ይቆጡኛል፣ እዚህ ስሳሳት ይስቁልኛል» አለችና እሷም ሳቀች። «ይስቁብኛል» አላለችም። ልብ ብዬዋለሁ።

ቀለሙ የራሱ ጠባይ አለው። መስታወት ላይ ትንሽ ጠብ ይደረግና በሮለር ወዲያና ወዲህ ይለቀለቃል። መድረሱ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ሲበዛ ጭቃ እንደሚረገጥ ይንጨፋጨፋል። ሲደርስ ግን ፕላስተር ከቆዳ ላይ ቀስ ብሎ ሲላጥ የሚሰማው ድምፅ ይመጣል። አስተማሪያችን ጀርባዋን ሰጥታን እየሠራች «ገና ነው፣ በዝቷል» ትለናለች።

የማተሚያው መኪና ብረት ነው፣ እዚሁ ከተማ ብየዳ ቤት የተሠራ። ሁለት ከባድ ጥቅልሎች፣ መሀል የሚያልፍ ሰሌዳ፣ ጎን ላይ የሚዞር ትልቅ ዘንግ። ከላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይለብሳል። በእጅ ስለሚዞር መብራት መጣ ሄደ ግድ የለውም። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ጄኔሬተር ሲያንቋርር እኛ በረንዳው ላይ ሻማ አብርተን አትመናል። ያን ሌሊት ያተምኩት የበሶ መለያ ላይ ግን ችግር አለ። ከሐይቁ የመጣ ትንኝ እርጥቡ ቀለም ላይ አርፎ እዚያው ቀርቷል። ክንፉ ሳይቀር ይታያል። አንዷ ደንበኛ «ይቺ ዓርማሽ ናት?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ቅሬታ የለሽም ወይ ካላችሁ፣ አለኝ። አንደኛ፣ ሽታው። የዘይት ቀለም የሚለቀው በዘይት ነው። የምግብ ዘይት በዛሬ ዋጋ ደግሞ እጅ ለማጠቢያ አይሆንም። ስለዚህ አሞራ ገደል አሳ ከሚጠብሱት ሴቶች የተጠበሰበትን ዘይት በጄሪካን ያመጣሉ። ቀለሙን ልቅም አድርጎ ያነሳል፣ አይካድም። እኔ ግን ቤት ስገባ ድመቴ ከበር ጀምራ ትከተለኛለች።

ሁለተኛ፣ መድረቂያው። ወረቀቱ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰጣል። በበጋ በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል። ክረምት ሲገባ ሳምንት ቢሆነውም ጣት ላይ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ያዘዘ ሰው ነሐሴን ይጠብቅ። ቦታውም ጠባብ ነው፤ የእኔ በሶ ከሌላዋ ሴት የሠርግ ካርድ ጋር ተጣብቆ ሁለታችንም ከስረናል።

ሦስተኛ፣ የቅዳሜው ቡና። ደስ ይላል፣ ግን ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ማንም አይነሳም። ለሥራ የሄድኩበት ከሰዓት ስንቴ በወሬ እንዳለቀ አልቆጥርም። ወሬው ጥሩ ነበር፣ እሱን አልደብቅም።

ሐሙስ የወረቀት ቀን ነው፣ እኔም በጣም የምወደው ቀን። ወረቀቱ ከእንሰት ቃጫ ነው የሚሠራው። እንሰቱ ለወሳ፣ ማለትም ለቆጮ፣ ሲፋቅ የሚተርፈውን ቃጫ፣ ለገመድ የሚሸጠውን ማለቴ ነው፣ አንዲት እናት ከገጠር እያሰሩ ያመጡልናል። በመቀስ ይከተከታል። በአመድ ውሃ ለሰዓታት ይቀቀላል። ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ አሁንም ይታጠባል። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ይገባና በዘነዘና ይወቀጣል። አራት ሴት ሁለት ሙቀጫ ላይ ስትወቅጥ ጎረቤት በርበሬ የደረሰ ይመስለዋል። አንዴ አንዷ ጎረቤት ሰሃን ይዛ መጥታለች።

የተወቀጠው ገንዳ ውስጥ ውሃ ላይ ይበተናል፤ ደመና ይመስላል። ወንፊት የተወጠረበት የእንጨት ሳጥን ይጠለቅና ቀጥ ተደርጎ ይነሳል። ውሃው ይወርዳል፣ ቃጫው ላዩ ላይ ይቀራል። እዚህ ላይ እጅ ከተንቀጠቀጠ አንዱ ጎን ይወፍራል፣ ሌላው ይቀዳደዳል። የእኔ የመጀመሪያው ወረቀት አይን የበዛበት ያልበሰለ እንጀራ ነበር የሚመስለው። እኚያ ቃጫ የሚያመጡት እናት አንድ ቀን እስቲ ልሞክረው አሉና ጠልቀው ሲያነሱት ዝርግ ብሎ ወጣ። ከአስተማሪዋም በለጠ። «ምን አለበት እናቴ፣ ዕድሜ ልኬን ዱቄት ስነፋ ነው የኖርኩት» አሉ። አስተማሪያችን የእንሰት ዘመድ ከሆነው አባካ ከሚባል ተክል የሻይ ከረጢት ወረቀት እንደሚሠራ ስትነግራቸው እሳቸው አልተደነቁም። ቃጫ ጠንካራ መሆኑን ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል።

ጥረዛው ላይ ቶሎ ልለፍ፣ ምክንያቱም ገና አልቻልኩበትም። ደብተሩ የሚሰፋው የብራና መጻሕፍታችን በሚሰፉበት መንገድ ነው። ጥራዙ በወስፌ ይበሳል፣ በሰም የታሸ ክር ይገባል፣ አንዱ ጥራዝ ከሌላው ጋር እንደ ሰንሰለት ይያያዛል፣ ዳርና ዳሩ ላይ እንጨት ይመጣል። ሙጫ አይነካውም። ሲገለጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ ብሎ ይተኛል፤ ከሱቅ የምገዛው የዱቤ ደብተሬ ይህን አያውቅም። ስፌት የሚያውቁት ሴቶች በአንድ ቀን ለመዱት። እኔ ክሬ እስካሁን ይቋጠራል።

የዚህ ዓይነት ቤት ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮዘንዴል በምትባል ትንሽ ከተማ አራት ሴቶች በ1974 ዊመንስ ስቱዲዮ ወርክሾፕ የሚባለውን ሲጀምሩ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር አሉኝ። ሳሎኑ በብረት ሰሌዳ የሚታተምበት፣ ጣሪያው ሥር ወረቀት መሥሪያ፣ ምድር ቤቱ ቀለም በተወጠረ ጨርቅ አሳልፎ የሚታተምበት። እስከ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። እኛ ምድር ቤት የለንም። አቮካዶ አለን። ሲደርስ ገንዳው ውስጥ ጧ ብሎ ይወድቃል፤ አንድ ሐሙስ ሙሉ ቃጫ አስደፍቶናል።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ለሠርጉ በሳምንት አምስት መቶ ካርድ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። እኔ ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ስልሳ መለያ ካወጣሁ ጀግና ነኝ፣ ከስልሳው አሥሩ ደግሞ ይጣላል። ሒሳቡን ብሠራው የራሴን ጉልበት ሳልቆጥር እንኳ ከዚያ ማተሚያ ቤት አይረክስም። ለትልቅ ትእዛዝ አሁንም ሌላ ቦታ ነው የማሠራው፣ በቀን ብርሃን አንብቤ። ትንሽ ትንሽ ለሚሸጥ፣ እጁ ቀለም መንካቱ ለማይከብደው ግን ይሂድ። ሕፃን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ በረንዳው ጥግ ላይ ምንጣፍ አለ። መቅረጫዎቹ ከፍ ተደርገው ነው የሚሰቀሉት። ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለዘይቱ ነው።

ምልክቱስ ካላችሁ፣ አልቆ ነበር። ባለፈው ወር ስድስት ሆነን፣ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ላይ፣ ለሦስት ሳምንት ቀረጽነው። እያንዳንዷ የየራሷን ፊደል በዘይት ወረቀት ገልብጣ፣ አሽታ፣ ፈልፍላ። ሲያምር! ልንሰቅለው በሩ ጋ ስናቆመው ነው የሚታተም ሳይሆን የሚሰቀል መሆኑ ትዝ ያለን። ከመንገድ የሚያነበው መስታወት የያዘ ሰው ብቻ ነው። አሁን አራት እግር ተበጅቶለት ቅዳሜ ቅዳሜ ስኒ ይደረደርበታል።