ጄሶ ወይስ ፋይበርግላስ?

የተሰበረ አጥንት ሳይንቀሳቀስ እንዲጠገን ሐኪም በጄሶ ወይም በፋይበርግላስ (በሙጫ በሚጠነክር የመስታወት ክር ጨርቅ) ያስረዋል። ነጩ ጄሶ ያረጀ ቢመስልም አይናቅም፤ እርጥብ ሳለ እንደ ሊጥ ስለሚታዘዝ የተቃናውን አጥንት በቅርጹ ይይዛል። አጥንቱ ገና እንደተመለሰ ብዙ ጊዜ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ ክብደቱና ቀስ ብሎ መድረቁ ነው፤ በደቂቃዎች ቢጠነክርም ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል። እስከዚያ በጣት ከተጫኑት ጎድጎድ ይላል፣ ጉድጓዱም ከሥር ቆዳን ያቆስላል። ውኃ ከነካው ደግሞ ይላላል።

ፋይበርግላስ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ በራጅም አጥንቱን አይጋርድም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። «ውኃ አይበግረውም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ ውጩ ቢችለውም ከሥሩ ያለው ጥጥ ከራሰ ቆዳው ይላጣል። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ለሳምንታት ለሚታሰር፣ በተለይ መቀመጥ ለማያውቅ ልጅ፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

በየትኛውም ቢታሰሩ፣ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ። ሲያሳክክ እንጨት ወደ ውስጥ መስደድ (የማይፈተን የለም!) ቁስል ያመጣል።