ጅራታም ኮከብ ከጓሮ ለማንሳት፦ ሌንስ፣ ትራከር ወይስ ርካሽ ቴሌስኮፕ?

ጅራታም ኮከብ ሊታይ ነው በተባለ ቁጥር ካሜራ ያለው ሁሉ «ምን ልግዛ?» ይላል። ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ያስገባል) እና የማይወዛወዝ ትራይፖድ ይግዛ። በአንድ አዲስ ስታር ትራከር (ካሜራውን ከሰማዩ ዙረት ጋር እኩል የሚያዞር መሣሪያ) ዋጋ እንዲህ ያለ ሌንስ ሦስት አራት ይገኛል።

ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ ያጎላል» የሚል የፊት መስታወቱ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ገንዘብ ማባከኛ ነው። ከ120 እጥፍ ካለፈ ምስሉ ይደበዝዛል፤ እግሩም በትንሽ ነፋስ ይንቀጠቀጣል። ጅራታም ኮከብ ደግሞ የሚፈልገው ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የታየው ኒዮዋይዝ የተባለው ጅራታም ኮከብ ጅራት በፎቶ ከ10 ዲግሪ በላይ ይረዝም ነበር። የትኩረት ርዝመቱ 700 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ መካከለኛ ሴንሰር ባለው (ኤፒኤስ-ሲ) ካሜራ ላይ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ያሳያል፤ 50 ሚሊው 26 በ18 ዲግሪ ያህል ይይዛል።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ግማሽ ዋጋ ቢባልም ተዉት፤ ማስጠረጊያው ሌንሱን ሊያክል ይችላል። ትንሽ አቧራ ግን ምንም አይደለም፤ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጉት። የአውቶፎከስ ሞተሩ ካልሠራ ዓይነቱን ለዩ። የፎከስ ቀለበቱ በጥርስ የተያያዘ ከሆነ በርካሽ ውሰዱት፤ ሌሊት ፎከስ የሚደረገው በእጅ ነውና። እንደ ካኖን ኤስቲኤም ሌንሶች ቀለበቱ ፎከሱን በሞተር የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ግን ሞተሩ ሲሞት በእጅም እንቢ ይላል።

ትራከር መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም ሁለተኛ የማደርገው። ደማቅ ጅራታም ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ እንደጠለቀች ወይም ከመውጣቷ በፊት ከአድማስ በላይ ዝቅ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ነው የሚታየው። ትራከር ደግሞ ዘንጉ ሰማዩ ከሚዞርበት ነጥብ፣ ከሰማይ ዋልታ ጋር መስተካከል አለበት፤ ዋልታውን የሚጠቁመው የሰሜን ኮከብ ግን ሰማዩ ገና ሳይጨልም አይታይም፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረባችሁ መጠንም ዝቅ ብሎ ከግንብና ከዛፍ ጀርባ ይደበቃል። እናንተ ስታስተካክሉ ጅራታሙ ይጠልቃል። ዋጋውም እዚያ አያበቃም፦ ቦል ሄድ (ካሜራውን የሚይዝ ተዟዟሪ ራስ)፣ ጠንካራ ትራይፖድ፣ አንዳንዴም ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ለብቻ ይገዛሉ። ገንዘቡ የሚያዋጣው ደብዛዛውን ጅራታም በ135 ሚሊ ሌንስ ከጨለማ ሰማይ ለማንሳት ነው። ያገለገለ ከሆነ ሳትከፍሉ 2 ደቂቃ ሹተር ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ዋልታው በደንብ ተስተካክሎም ከዋክብቱ ከተጎተቱ የትራከሩ የውስጥ ጥርስ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

በ50 ሚሊው እንዲህ አንሱ፦ ሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረው)፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜት) 1600፣ 5 ሰከንድ። ከዚህ ከረዘመ በምድር መዞር ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ። አድማሱ ገና ብርሃን ካለው አይኤስኦውን ቀንሱ። የቀለበቱን የ∞ ምልክት አትመኑ፤ ደማቅ ኮከብ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን) 10 እጥፍ አጉልታችሁ ነጥቡ እስኪያንስ አዙሩ፣ ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ያዙት። በ2 ሰከንድ ታይመር ጀምራችሁ ከ40 እስከ 60 ፎቶ አከታትሉና በነፃው የኮምፒውተር ፕሮግራም በሲሪል ደርቡ። ጅራታሙ በከዋክብቱ መካከል ስለሚንቀሳቀስ አንዴ በከዋክብቱ፣ አንዴ በራሱ በጅራታሙ ራስ አሰልፉ።

ከተረፈው ገንዘብ ኦሪጅናል ባትሪ ግዙ። ፎርጅዱ ላዩ ላይ ብዙ ሚሊአምፒር ይጻፍበት እንጂ በብርድ ሌሊት ቶሎ ይሞታል፤ ካበጠ ደግሞ ከካሜራው አልወጣም ይላል።