ላስ ቬጋስ ውስጥ፦ የካዚኖ ሥራ ወይስ የጤና ሥራ?

የኔቫዳ ወርሃዊ የሥራ ቁጥር ሲወጣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናየው የሆቴልና የካዚኖውን መስመር ነው። እኔ የጤናውን አስቀድማለሁ።

ካዚኖ ጥሩ ጎን አለው። ቲፕ አለ። እንግሊዝኛው ገና ያልጠነከረ ሰውም በጽዳት ወይም በኩሽና ይገባል። ግን ቱሪስት ሲቀር ሥራውም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ካዚኖዎቹ ተዘጉ፤ መከፈት የጀመሩት ጁን 4 ነው። በኤፕሪል የግዛቱ ሥራ አጥነት 30 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ጠረጴዛውን ሲለቅ ምንም እንዳልያዘ ለማሳየት አጨብጭቦ መዳፉን ለካሜራ የሚያሳየው ዲለር (የካዚኖው ካርታ አዳይ)፣ ያን ሰሞን የሥራ አጥ ክፍያ ለመጠየቅ ስልክ ይዞ ይውል ነበር።

በዚያው ወር በመላ አሜሪካ መዝናኛና መስተንግዶው 7.7 ሚሊዮን ገደማ ሥራ አጣ። ጤናው ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ገደማ። እሱም ተጎድቷል፣ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። እርግጥ ሥልጠናና ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሽተኛ ማንሳትም ወገብ ይፈትናል። ቢሆንም ልጆች የምታሳድግ እህቴ ብትጠይቀኝ ጤናውን እላታለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይህ ወርሃዊ የሥራ ቁጥር የሚይዘው የወሩ 12ኛ ቀን ባለበት የደመወዝ ጊዜ በፔይሮል፣ ማለትም በድርጅቶች የደመወዝ መዝገብ፣ ላይ ያለውን ሥራ ነው። በራሱ መኪና ኡበር የሚነዳው ወንድማችን እዚያ ውስጥ የለም። የአንድ ወሩ ስለሚዋዥቅም የሦስት ወሩን ጎን ለጎን እዩት።