ስምንት ወር ከሊኑክስ ሰርቨር ጋር፦ ከማሻሻያ በኋላ አልነሳ ያለበት ጠዋት

የቢሯችንን ፋይሎችና የሒሳብ መዝገቦች የሚይዘውን ሰርቨር ወደ ሊኑክስ ካዛወርኩት ስምንት ወር ሞላኝ። ራሙ 8 ጊጋባይት ብቻ በሆነ አሮጌ ማሽን ላይ ሌት ተቀን ሲሠራ በራሱ የቆመበትን ቀን አላስታውስም፤ በዚህም ከልቤ ደስተኛ ነኝ። የፈተነኝ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ አልነሳም። ስክሪኑ ላይ «ከርነል ፓኒክ» (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል መቀጠል አቅቶት ሲቆም የሚወጣ መልእክት) የሚል ጽሑፍ፣ ከበላዩም ዋናው የፋይል ሥርዓት ሊገኝ እንዳልቻለ የሚናገር መስመር ይታያል። መብራቱ ዲስኩን አቃጥሎታል ብዬ በጣም ደነገጥኩ። ማሽኑን እንደገና አብርቼ ሺፍትን ተጭኜ በመያዝ የግራብን (ማሽኑ ሲበራ ከርነሉን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ዝርዝር ካወጣሁ በኋላ፣ ከተጨማሪ አማራጮቹ ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ስመርጥ ሰርቨሩ ያለ አንዳች ችግር ተነሳ። ዲስኩ ደህና ነበር።

ስህተቱ የእኔ ነበር። ሲስተሙን ስጭን ለቡት ክፍልፋይ (ከርነሎቹ ለሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) የመደብኩት 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ አሮጌ ከርነሎች ሳይወገዱ ተከማችተው ቦታው መቶ በመቶ ሞልቷል፤ በዚህ የተነሳ አዲሱ ከርነል ሲገባ፣ ዲስኩን ለማግኘት የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች የሚይዘው ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ፋይል ሳይዘጋጅ ቀርቷል። ማሻሻያው የገባው ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ነው! ሰርቨሩ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ቀድሞ በተነሳበት ከርነል ይሠራ ስለነበር ጉድለቱን የገለጠው መብራቱ ነው። ስህተቱ በሎግ (ሲስተሙ የሠራውን በሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ በግልጽ ተጽፎ አገኘሁት፤ በኢሜይል እንዲደርሰኝ አስቀድሜ ባለማስተካከሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለቱን አሮጌ ከርነሎች ያስወገድኩት ፋይሎቹን በእጅ በመሰረዝ ሳይሆን በፓኬጅ ማስተዳደሪያው (ፕሮግራሞችን በሚጭነውና በሚያስወግደው መሣሪያ) በኩል ነው፤ በእጅ መሰረዝ ፓኬጁ አሁንም እንዳለ ተመዝግቦ እንዲቀር ያደርጋልና። ቀጥሎ የተቋረጠውን ጭነት አስጨረስኩ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና አዘጋጀሁ፣ የግራብን ዝርዝር አደስኩ። ዳግም ከማስነሳቴ በፊትም ፋይሉ በቦታው መኖሩንና መጠኑ ከቀድሞው ጋር መቀራረቡን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ እኔው አጠገቡ ቆሜ ሰርቨሩን ዳግም አስነሳዋለሁ፤ አንድ የቀድሞ ከርነልም ሁልጊዜ አስቀራለሁ። በቅርቡ ዲስኩን ስቀይር ለቡት 2 ጊጋባይት እመድባለሁ፤ ሊኑክሱን ግን አልለውጠውም።