ባሌን ከነእናቱ ቤይ ብሪጅን ላሻገሩልን ሰው

ይህን የምጽፈው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ላላችሁ ነው። በተለይ ደግሞ ሰመር በመጣ ቁጥር ልጆቻችሁ «ባሕር እንሂድ» እያሉ ለሚነተርኳችሁ፣ ባላችሁ ግን «ዘንድሮ ይለፈን» እያለ ሰበብ ለሚደረድርባችሁ እህቶቼ። ወንዶችም አንብቡት፣ አይጎዳችሁም።

ባለቤቴ ዲሲ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። በበረዶ ነድቷል። እኩለ ሌሊት ላይ ሰካራም ጭኖ ነድቷል። ቤልትዌይ ላይ ዝናብ ሲወርድ በአንድ እጁ ቡና ይዞ የሚነዳ ሰው ነው። ቤይ ብሪጅ ሲባል ግን ፊቱ ይለዋወጣል።

ድልድዩን ለማታውቁት፦ ባሕሩ ዳር ወዳለችው ከተማ ወደ ኦሽን ሲቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሩት 50 አናፖሊስን አልፎ ወደ ኬንት ደሴት የሚሻገርበት ነው። 4.3 ማይል ይረዝማል፣ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ትልልቅ መርከብ ከሥሩ እንዲያልፍ ብለው መሐሉን ወደ ሰማይ ሰቅለውታል፤ ከውኃው 186 ጫማ ከፍ ይላል። ወደ ባሕሩ ሲኬድ የሚሻገሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ነው፣ በ1952 በተከፈተው። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው፣ መኪና ቢበላሽ ጠጋ የሚሉበት ዳር የለውም። የጎኑ ብረት ዝቅ ያለ ስለሆነ በመስኮት ስታዩ የሚታያችሁ ውኃ ነው። እኔ ደስ ይለኛል። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚነዳው እሱ ነው ደግሞ።

ታዲያ ፈራሁ ብሎ አያውቅም። አንዴ «ጎማው ድምፅ አለው» ይላል፣ አንዴ «ነፋስ ይኖራል ብለዋል» ይላል፣ አንዴ ደግሞ ሐምሌን ሙሉ ወገቡን ያመዋል። በ2024 ባልቲሞር ውስጥ ያ የኪ ድልድይ በመርከብ ተመትቶ ሲወድቅ፣ እነዚያ ሌሊት መንገድ ሲጠግኑ የነበሩት ስድስት ሰዎች ሲሞቱ (ነፍሳቸውን ይማር)፣ ነገሩ ጭራሽ ባሰበት። ቪዲዮውን ማታ ማታ ደጋግሞ ያየዋል። አትየው ብለው አይሰማም።

አሁን ወደ ምሬቴ ልግባ፣ ሳልተነፍሰው አልቀርም።

መጀመሪያ አንድ «ፍርሃት እናስለቅቃለን» የሚል ቢሮ ወሰድኩት። ስማቸውን አልጠራም። ዓይኑ ላይ መነጽር የመሰለ ነገር አድርገው ድልድይ በድልድይ ሲያሳዩት ዋሉ፣ የሚያብረቀርቅ ደረሰኝ ሰጡን፣ ወጣን። ሰውየዬ ከዚያ ወዲህ የፓርኪንግ ሕንፃ ፎቅ መውጣትም ፈራ። ገንዘብ ከፍለን ፍርሃት ጨምረን መጣን ማለት ነው።

ቀጥሎ አንድ የምናውቀው ልጅ «እኔ እነዳላችኋለሁ፣ ምን ችግር አለ» አለን። ቀኑ ደረሰ። ልጆቹ ከንጋቱ ጀምሮ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ደረጃ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ግን «ጠፋችሁ» ይለናል።

ከዚያ ደግሞ አሻጋሪ የሚባል ሥራ እንዳለ ሰማንና አንዱን ቀጠርን። አዎ፣ መኪናችሁን ራሱ እየነዳ ድልድዩን የሚያሻግራችሁ ሰው በክፍያ ይገኛል፤ ይህን ድልድይ የሚፈራ ብዙ ሰው ስላለ እንጀራ ሆኗል። ያ የመጀመሪያው ግን አርፍዶ መጣ። ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተ ነህ?» ብሎ ሳቀ። ድልድዩ ላይ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ ነዳ። ባለቤቴ ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ጉልበቱ መሐል ቀብሮ ሲያቃስት እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። ሲደርስ ሻንጣ በዝቷል ብሎ ገንዘብ ጨመረብን። ሻንጣውን የተሸከመው እሱ ነው እንዴ?

ስንመለስ በድልድዩ አንመለስም ተባለና በደላዌር ዞረን መጣን። እሱን ጉዞ አታንሱብኝ። ትንሹ ልጅ አስታወከ፣ ትልቋ ኩርፊያ ገባች፣ ባለቤቴ ብቻ ፉጨት ያፏጫል።

ዘንድሮ ደግሞ አማቴ ከደብረ ሲና መጡ። ውቅያኖስ አይተው አያውቁም። ልጆቹ «አያትን ባሕር ሳናሳያት አትሄድም» ብለው አመፁ። ባለቤቴ እናቱ ፊት ፈራሁ ማለት አይችል፣ ወገቤን ማለትም አይችል፣ እናቱ ያሹታላ! ያኔ ነው አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት የእኚህን ሰው ስልክ የሰጠችኝ።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ልበላቸው። እኔማ ፊት ለፊትም ጋሼ ብያቸዋለሁ፣ አልተቃወሙም። ፀጉራቸው የነጣ፣ የድልድዩ አካባቢ ተወላጅ የሆኑ አሜሪካዊ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከድልድዩ ወዲህ ተቀጣጥረን ነበር። ቀድመውን ደርሰው ቆመው ጠበቁን።

«ማን ነው የሚፈራው?» ብለው አልጠየቁም። «መኪናው የማን ነው?» አሉ። ባለቤቴ የኔ ነው አለ። «እንግዲያው ጠባዩን ንገረኝ» አሉት። በቃ። ሰውየዬ ደረቱ ተነፋ። ፍሬኑ እንዴት እንደሆነ፣ መሪው ወዴት ሳብ እንደሚያደርግ፣ የቱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫን እንደሚያስፈልግ ያስረዳቸው ጀመር። እሳቸውም እንደ ተማሪ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። ያን ያህል ዓመት የነዳ ሰው ስለ መኪና ምክር እንደማይጎድለው እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ ከእናቱ አጠገብ መሐል ላይ አስቀመጡትና ተነሳን።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ነሐሴ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር። መሐሉ ላይ፣ ልክ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ፣ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የማትፈሩት እንኳ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ሲቆሙ ድልድዩ ከሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ዞር ብዬ ሳየው የባለቤቴ ከንፈር ነጭ ሆኗል። እማማ ዳዊታቸውን አውጥተዋል። ልቤ ዱብ አለ።

ጋሼ በመስታወቱ አዩትና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «እናንተ አገር በጣም የሚያስፈራው መንገድ የት ነው?» አሉ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ። ልጄ በዚያ በሰባራ አማርኛዋ ተረጎመችላቸው። እማማ ዳዊቱን ዘጉ። «ጣርማበርን ንገረው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

ባለቤቴ ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ይቆራረጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው አለ። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አለ አለ። ጉሙ ሲወርድ የራስህን እጅ አታይም፣ ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ ነው አውቶቡሱን የሚመራው አለ። ከዚያ ስለ አይሱዙ መጣ፣ አልቃይዳ ለምን እንደሚባል ሊያስረዳ እጁን ያወናጭፋል፣ እማማ «ገደሉንም ንገረው» እያሉ በክርናቸው ይጎስሙታል። ጋሼ ደግሞ ዝም ብለው አይሰሙም፣ ይጠይቃሉ። ሾፌሩ ስንት ሰዓት ይነዳል? ዝንጀሮዎቹ መንገድ ይለቃሉ? መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ማንም ልብ አላለም።

«አንተስ ያኔ ገደሉን ስታይ ምን ታደርግ ነበር?» አሉት።

«እኔማ እተኛ ነበር» አለ ባለቤቴ።

መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ኬንት ደሴት ገብተናል። «ደረስን እንዴ?» አለ። አዎ ጌታው፣ ደረስን!

እማማ ወርደው የጋሼን ሁለት እጅ ይዘው መረቁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ፣ የልጅ ልጅ ያሳይህ፣ መንገድህን ይቅደምልህ፣ ክፉ አይይህ፣ ወዲያ ማዶ ቆሞ የሚጠብቅህን ጠላት እግሩን ይሰረው፣ ብዙ ብዙ። ልጄ «ታንክ ዩ እያለች ነው» ብላ ገላገለችው። ጋሼ «ይህ ሁሉ?» አሉ።

ያልረሳሁት ነገር ግን ሌላ ነው። የሚመልሳቸው መኪና ከኋላ ተከትሎን መጥቶ እየጠበቃቸው ነው፣ ክፍያቸውንም ተቀብለዋል፣ መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ወንበሩን ወደ ነበረበት መለሱ። መስታወቶቹንም አንድ በአንድ መለሱ። ገና ሲረከቡ ቦታውን አይተው ይዘውት ኖሯል። ባለቤቴ ሲገባ ወንበሩ ልክ እሱ እንደተወው ነው፣ ማንም ያልነዳው ይመስል። ሰውን አለማዋረድ እንዲህ ነው። ያኛው የሳቀብን ሰውዬ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላማ እሱን ማን ይቻለው! ኦሽን ሲቲ መግቢያ ላይ ያለውን ድልድይ ራሱ እያፏጨ ነዳው። እሱስ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አልተናገርኩም።

ስለ ባሕሩ ብዙ አላወራም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እማማ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ፣ በመዳፋቸው ቀዱና ቀመሱ፣ «ይህን ሁሉ ጨው ማን ፈጀበት!» አሉ። ማዕበል አንድ ጫማቸውን ወሰደው። ከፍ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠው የባሕር ጠባቂ ልጅ ፊሽካ ሲነፋ፣ ጫማቸውን የሰረቀው ላይ የነፋ መስሏቸው አመሰገኑት። ሸርጣን በመዶሻ እየመቱ የሚበሉ ሰዎች ጋ ስንደርስ ደግሞ «ጊንጥ ይበላሉ እንዴ እነዚህ?» ብለው አማተቡ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ምን ይበላሉ ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ለካ ቦርድዎክ ላይ በኦቾሎኒ ዘይት የሚጠበስ፣ ኮምጣጤ የሚርከፈከፍበት ድንች አለ። በዚያ ጾሙ። ግማሹን የባሕር ወፍ ከእጃቸው ነጥቆ በላ፣ «የጾም መሆኑን አይቶ ነው» አሉ።

ስንወጣ «ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ 3,073 ማይል» የሚለው ምልክት ጋ ባለቤቴ ፎቶ ካላነሳችሁኝ አለ። ሩት 50 እስከዚያ ድረስ ይሄዳል። «እነዳዋለሁ» ይላል። መንገዱ ላይ ድልድይ ይኑር አይኑር ገና አላጣራም።

በመልሱም ጋሼ ናቸው ያሻገሩን። ገና ሳንነሳ ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ስለ ሊማሊሞ እነግርዎታለሁ» አላቸው።

እንግዲህ የምትፈሩ፣ የምትፈሩ ባሎች ያሏችሁ፣ አትሰቃዩ። እናቶቻችሁን ባሕር አሳዩ። አሻጋሪ ቅጠሩ፣ ብትችሉ ደግሞ እኚህን ሰው ቅጠሩ። አስቀድማችሁ ደውሉ፣ በሰመር ዓርብና ቅዳሜ ቶሎ ይያዛሉ። ዋጋውን ሳትነሱ ተነጋገሩ፤ እሳቸው የተናገሩትን አይጨምሩም፣ ሻንጣም አይቆጥሩም። የድልድዩ ክፍያ ለብቻው ነው፣ እሱም ወደ ባሕሩ ሲኬድ ብቻ ነው የሚከፈለው፣ ስትመለሱ አይጠይቋችሁም። መኪናችሁ ላይ ኢዚፓስ (የመንገድ ክፍያውን በራሱ የሚያስቆርጠው ዕቃ) ይኑር።

ጋሼ፣ ይህን ማንበብ ባይችሉም ልጄ ትነግርዎታለች፣ አሳጥራ እንደምትነግርዎት ባውቅም። እግዚአብሔር ያክብርልን። በጣም፣ በጣም እናመሰግናለን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው ፈቅደዋል። የሌበር ደይን ቅዳሜ ጠዋት ግን አትንኩብን፣ እኛ ይዘነዋል። እማማ ጾሙ ተፈቷል፣ ዓሣ ሳልበላ አገሬ አልገባም ብለዋል።