ለአዳማ ቤት የትኛው ይሻላል? ኤሲን በዋይፋይ የሚቆጣጠሩ ዕቃዎች ንጽጽር

መጋቢት ሲገባ አዳማ ምን እንደምትመስል ለአዳማ ሰው አይነገረውም። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለው ብሎኬት ማታ ሙቀቱን መልሶ ይተፋዋል። እስከ እኩለ ሌሊት ግድግዳው ይግላል። ወደ ንጋት ግን አየሩ ይቀዘቅዛል። ኤሲ ከፍቶ የተኛ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ፍለጋ ይነሳል። ቆጣሪውም እስከዚያ ሲቆጥር ያድራል።

ኤሲን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መቼ ይጀምር፣ መቼ ያቁም፣ ስንት ዲግሪ ላይ ይቆይ የሚለው አንዴ ይነገረዋል። ከዚያ ሪሞት ፍለጋ ትራስ ማገላበጥ የለም።

ቴርሞስታት የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሽኑን የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ነው። ነገር ግን "ስማርት ቴርሞስታት" በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ዕቃዎች ሥራቸው ለየቅል ነው። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ለእማዬ አንዱን ገዝቶ አመጣላት። ፍራንኮ ሰፈር ያለው ቤቷ ገባን፣ ካርቶኑን ከፈትን፣ ግድግዳውን አየን። ዕቃው የሚገናኝበት ሽቦ የለም። ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ እንዲህ እንዳይከስር ብዬ ነው።

ከአሜሪካ የሚላከው የግድግዳ ቴርሞስታት

እንደ ጎግሉ ኔስትና እንደ ኢኮቢ ያሉት በጣም ያምራሉ። የተሠሩት ግን ለሌላ ዓይነት ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት አንድ ትልቅ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አለው። አየሩ በጣሪያና በወለል ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ ለክፍሎቹ ይዳረሳል። ቴርሞስታቱ ከዚያ ማሽን በሚመጡ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በ24 ቮልት ይሠራል። እኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ "እናስማማዋለን" ብሎ በቀጥታ ቢያገናኘው ዕቃው ይቃጠላል። አደጋም አለው።

ያገለገለ ኔስት ከተላከላችሁ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 እና በ2012 ለወጡት የመጀመሪያና የሁለተኛ ትውልድ ኔስቶች ጎግል ድጋፉን አቁሟል። ከጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በስልክ አይታዘዙም። ግድግዳ ላይ በእጅ ሊሠሩ ይችላሉ፣ በዋይፋይ ግን አለቀላቸው።

ሆቴል ወይም ትልቅ ቢሮ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። ቀዝቃዛ ውሃ በቱቦ የሚዞርበት፣ ፋን ኮይል የሚባለው ዓይነት ማቀዝቀዣ ካላችሁ በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ ዋይፋይ የግድግዳ ቴርሞስታት አለ። ለመኖሪያ ቤት ግን ይህን ምድብ እዚህ ላይ እንዝጋው።

ትንሿ ሣጥን ወይስ ዋይፋይ ያለው ኤሲ?

ለእኛ ቤት ውድድሩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አንደኛዋ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሣጥን ናት። በስልክ ቻርጀር ትሠራለች። የኤሲው ሪሞት የሚልከውን ዓይን የማያየው ብርሃን እሷም ትልካለች። ብሮድሊንክ፣ ሴንሲቦ፣ ስዊችቦት በሚባሉ ስሞች ትገኛለች። ስም የሌላቸው ርካሾችም አሉ፤ ብዙዎቹ "ስማርት ላይፍ" በሚባለው አፕ ይሠራሉ። ሁለተኛው ዋይፋዩ ውስጡ ያለ ኤሲ ነው። ኤልጂ፣ ሳምሰንግ፣ ግሪና ሚዲያ እንዲህ ዓይነት ሞዴሎች አሏቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ አፕ አለው።

የሣጥኗ ትልቁ ጥቅም ያላችሁን ኤሲ አለመንካቷ ነው። ኤሲው የ10 ዓመት ቢሆን፣ ስሙ ባይታወቅ፣ በሪሞት እስከሠራ ድረስ ተስፋ አለው። ግድግዳ አይበሳም፣ ሽቦ አይቆረጥም። ተከራይ ከሆናችሁ ስትለቁ ነቅላችሁ ትወስዷታላችሁ። አከራይም አይቆጣም።

ጉድለቷም መታወቅ አለበት። ሣጥኗ ትናገራለች እንጂ ኤሲው መስማቱን አታውቅም። "25 ዲግሪ ላይ አብራ" ብላ ላከች እንበል። መጋረጃ ከልሏት ኤሲው ባይሰማም፣ አፑ ላይ "በርቷል" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ከኤሲው ፊት ለፊት፣ ምንም በማይጋርዳት ቦታ መቀመጥ አለባት። በአንድ ሣጥን ሁለት ክፍል አይሆንም። ብርሃኑ ግድግዳ አያልፍም።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የሙቀት መለኪያ እንዳላት ጠይቁ። አንዳንዶቹ የላቸውም። የብሮድሊንክ አርኤም4 ሚኒ መለኪያው ለብቻው በሚሸጥ ገመድ ላይ ነው ያለው። መለኪያ የሌላት ሣጥን ሪሞት እንጂ ቴርሞስታት አትባልም። ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ሳታውቅ እንዴት ታቁመው?

መለኪያ ካላት ግን ከኤሲው የምትበልጥበት ነገር አለ። የኤሲው መለኪያ ያለው ከጣሪያ ሥር ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ያ ቦታ አልጋው ካለበት ሊሞቅ ይችላል። ሣጥኗን ኮሜዲኖ ላይ ብታስቀምጧት የምትለካው እናንተ የምትተኙበትን አየር ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ ወይም ራውተር ላይ ግን አታስቀምጧት። እዚያ ሆና የምትነግራችሁ ቁጥር ውሸት ነው።

ዋይፋይ ያለው ኤሲ ሁለቱንም ይሠራል፤ ይሰማል፣ ይመልሳል። እናታችሁ በሪሞት ብታጠፋው ስልካችሁ ላይ ወዲያው ይታያል። መጋረጃም አያስቸግረውም። ችግሩ የሚመጣው ሲበላሽ ነው። የዋይፋይ ክፍሉ ቢቃጠል መለዋወጫው እዚህ መገኘቱ ያጠራጥራል። ሣጥኗ ብትበላሽ ግን ሌላ ሣጥን ነው የምትገዙት።

አንድ ቃል በጣም ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ "ዋይፋይ ሬዲ" የሚል ካለ ዋይፋይ አለው ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ "ዋይፋይ የሚሰካበት ቦታ አለው" ነው። የሚሰካው ዕቃ ለብቻው ይሸጣል። እኔ ለራሴ ቤት ስገዛ ይህን አላውቅም ነበር። ሻጩም አልነገረኝም። ኤሲው ከተሰቀለ በኋላ ነው የተረዳሁት። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ "ሱቅ ውስጥ አስከፍተህ የሚሰካውን በዓይንህ እየው" እላለሁ።

ኤሲ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በዋይፋይና በኢንቨርተር መካከል ምርጫ ከመጣ ኢንቨርተሩን ምረጡ። ኢንቨርተር ያለው ኤሲ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ እየጠፋ እየበራ አይሠራም። የመብራት ወጪ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ዋይፋዩን በኋላ በሣጥን ትጨምሩበታላችሁ።

ከቤት ዋይፋይ ጋር ሲገናኙ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። "ዕቃው ተበላሽቷል" ብሎ የሚመልስም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ደህና ነው።

ዋናው ምክንያት 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ነገር ነው። የዛሬ ራውተሮች ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ይለቃሉ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። 2.4ቱ ዝግ ይላል፣ ሩቅ ግን ይደርሳል። ሣጥኖቹም ኤሲዎቹም አብዛኞቹ 2.4 ብቻ ነው የሚያውቁት። ራውተሩ ሁለቱን በአንድ ስም ሲለቃቸው ስልካችሁ 5ቱን ይይዛል፣ ዕቃው ደግሞ ሊገናኝ አልቻለም ይላል። መፍትሔው ራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ለሁለቱ የተለያየ ስም መስጠት ነው።

በዚህ በኩል ሁለቱ ምርጫዎች እኩል ናቸው። አገባባቸው ግን ይለያያል። ሣጥኗ አንዲት ቁልፍ ተጭናችሁ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ሲል ለመገናኘት ተዘጋጅታለች። ኤሲው ግን በሪሞት ነው የሚነገረው፤ በብዙ ሚዲያ ሞዴሎች ለምሳሌ ኤልኢዲ የሚለውን ቁልፍ 7 ጊዜ ደጋግሞ መጫን ነው። መመሪያው ወረቀት ከጠፋ ይህን በግምት ማግኘት ከባድ ነው። ወረቀቱን አትጣሉት።

ሲገናኝ ዕቃው ለጊዜው የራሱን ትንሽ ዋይፋይ ሊለቅ ይችላል። ስልካችሁ እሱን ይይዛል፣ የቤቱን ፓስወርድ ያቀብለዋል። ያ ትንሽ ዋይፋይ ኢንተርኔት ስለሌለው ስልኩ "ይሄ አይሠራም" ብሎ ወደ ዳታ ያመልጣል። ስለዚህ እስኪያልቅ ድረስ ዳታ አጥፉ። ብሉቱዝና ሎኬሽን ክፈቱ። የደህንነት ዓይነቱ ደብሊውፒኤ3 ብቻ ከተደረገ ብዙ ዕቃ አይገባም፤ ደብሊውፒኤ2 ላይ አድርጉት።

የዋይፋያችሁን ስም በአማርኛ የጻፋችሁም አላችሁ። ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት አይበልጥም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ከ10 ፊደል በላይ አይገባም ማለት ነው። አንዳንድ ዕቃ ጭራሽ ላያነበው ይችላል። ቢያንስ የ2.4ቱን በላቲን ፊደልና በቁጥር ጻፉት።

ኢንተርኔቱስ ከየት ነው የሚመጣው? ቤት የሚቀመጥ ራውተር ካላችሁ፣ በመስመርም ይሁን በሲም ካርድ፣ ይበቃል። ይህ ዕቃ የሚበላው ዳታ ከአንድ ቪዲዮ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የስልክ ሆትስፖት ግን አይሆንም። እናንተ ከቤት ስትወጡ ኔትወርኩም አብሯችሁ ይወጣል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

እኔ ዕቃ የምመርጠው በዚህ ነው። ካርቶን ላይ የማይጻፈው፣ ለእኛ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው።

መብራት ሲመለስ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ይነሳሉ። ኤሲው፣ ራውተሩና መቆጣጠሪያው። ራውተሩ ለመነሳት ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ጥሩ መቆጣጠሪያ ኔትወርክ እስኪመጣ ደጋግሞ ይሞክራል። መጥፎው አንድ ሁለቴ ሞክሮ ይተዋል፤ ከዚያ ነቅላችሁ እስክትሰኩት ድረስ ዝም ይላል። እናንተ ሥራ ላይ፣ ወይም አዲስ አበባ መንገድ ላይ ብትሆኑ ማን ይነቅለዋል?

ኤሲውም የራሱ ጠባይ አለው። አንዳንዱ መብራት ሲመጣ ወደነበረበት ይመለሳል፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል። የሚመለሰውም ቢሆን ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) እንዳይጎዳ 3 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። "በርቷል ይላል፣ አይቀዘቅዝም" ብላችሁ አትደናገጡ።

በዚህ ፈተና ሣጥኗ አንድ ብልጫ አላት። የምትፈልገው 5 ቮልት ስለሆነ ከፓወር ባንክ ወይም ለራውተር ከሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ልትሠራ ትችላለች። ራውተሩንም እሷንም እዚያ ላይ ብታደርጓቸው መብራት ሲሄድ ሁለቱም ነቅተው ይቆያሉ። ኤሲው እንደተመለሰ ትእዛዝ ለመላክ ዝግጁ ናቸው። ኤሲው ውስጥ ያለው ዋይፋይ ግን አብሮ ይጠፋል፣ አብሮ ይነሳል።

የኢንተርኔት መቆራረጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ አፖች ትእዛዙን የሚያዞሩት ውጭ አገር ባለ ሰርቨር በኩል ነው። መስመሩ ሲቋረጥ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁም ስልኩ አይሠራም። ያን ጊዜ ሪሞቱ አለ። የቀድሞውን ሪሞት መሳቢያ ውስጥ አትቅበሩት።

ሰዓቱና ዲግሪው

ሁሉም አፖች የሚያስቡት በፈረንጅ ሰዓት ነው። "ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይብራ" ብላችሁ 8:00 ብትጽፉ ኤሲው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይነሳል። የእኛ ቀን 8 ሰዓት ለአፑ 14:00 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሰው አፑን ከፍቶላችሁ ከሆነ የሰዓት ቀጠናው የኢትዮጵያ መሆኑን እዩ። ዲግሪውም ፋራናይት ላይ ሊሆን ይችላል። 77 ቢላችሁ 25 ሴልሲየስ ማለት ነው።

ቬንትሌተር ብቻ ላላችሁ ስማርት ሶኬት፣ ማለትም በስልክ የሚበራና የሚጠፋ ሶኬት፣ ይበቃችኋል፤ ቬንትሌተሩ ግን በእጅ የሚዞር ወይም ተጭኖ የሚቀር ቁልፍ ያለው ይሁን። በንክኪ የሚሠራው መብራት ስለመጣለት ብቻ አይነሳም። ኤሲን በስማርት ሶኬት ማጥፋትና ማብራት ግን አይሁን። ኮምፕሬሰሩ በድንገት እየተቆረጠ ይጎዳል፣ ሶኬቱም ጭነቱን ላይችለው ይችላል።

እማዬ ቤት በመጨረሻ የገባችው ሣጥኗ ናት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በ25 ዲግሪ ይጀምራል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጠፋል። የገዛሁት ሱቅ ውስጥ ፈትኜ ነው። እናንተም ሁለት ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። የአንዱን ሆትስፖት 2.4 ላይ አድርጉ፤ አይፎን ከሆነ "ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ" የሚለውን አብሩ። በሌላው አፑን ከፍታችሁ አገናኙት። ከዚያ ዕቃውን ንቀሉት፣ ሆትስፖቱንም አጥፉ። ዕቃውን መልሳችሁ ሰኩ፣ ሆትስፖቱን ግን ከ5 ደቂቃ በኋላ ክፈቱት። ማንም ሳይነካው ራሱ ከተገናኘ ክፈሉ።