የስክሪም ድምፃችንን በክብር ለቀረጹልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሜታል ለምትዘፍኑ፣ በተለይ ስክሪም (በሻካራ ጩኸት መዝፈን) ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች! የባንዳችንን አዲስ ሥራ ድምፅ የቀረጹልንንና ሚክስ ያደረጉልንን ባለሙያ ሳላመሰግን ማለፍ ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው። በዕድሜ ታላቄ ስለሆኑ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ አይወዱም፤ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ።

እንዲህ ዓይነት ድምፅ የሚሠራ ሰው ስቱዲዮ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ታውቁታላችሁ። ቀድሞ በሄድኩበት ቦታ ቀራጩ ገና አፌን ስከፍት ፊቱን አኮማተረ። ለለስላሳ ዘፈን የተተከለውን ኮንደንሰር ማይክ (ጥቃቅን ድምፅ ሳይቀር የሚይዘውን) ሳይነካ፣ "ይሄ መቼም አይረጋም" ብሎ ኮምፕረሰሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ከዝቅተኛው ጋር የሚያቀራርበውን መሣሪያ) እስከ ጥግ አጠበቀው። የወጣው ድምፅ ቃሉ የማይለይ፣ ከፍ ሲደረግ ጆሮ የሚወጋ፣ ዝቅ ሲደረግ ጊታሩ የሚውጠው ነበር።

ጋሼ ግን ማይክ ከመትከላቸው በፊት እዚያው ፊታቸው እንድጮህ ጠየቁኝ። ወፍራሙን፣ መካከለኛውን፣ ቀጭኑን፣ ሁሉንም አስደገሙኝ። "ሻካራ ስለሆነ ነው ኃይለኛ የሚመስለው፤ በንጹሕ ድምፅ ስትዘፍን የበለጠ ትጮሃለህ" አሉኝ። መለኪያውን ሲያሳዩኝ እውነትም ንጹሑ አዝማች ከስክሪሙ በላይ ይዘላል።

ከዚያ አንዱን ስንኝ በሁለት የሹር ኩባንያ ማይኮች (በኤስኤም58 እና በኤስኤም7ቢ) እንዲሁም በኮንደንሰር ቀርጸው ሦስቱንም እኩል ከፍታ ላይ አድርገው አሰሙኝ። ኮንደንሰሩ የምራቅ ድምፅ ሳይቀር ይለቅማል። ለእኔ ኤስኤም7ቢን መረጡ፤ ቀጭኑን ድምፅ ለሚሠራው የባንዳችን ልጅ ግን ኤስኤም58 ይሻለዋል አሉ፣ ልክም ነበሩ። የማይኩን ራስ በመዳፍ ማፈን መድረክ ላይ የተለመደ ነው። እሳቸው አይፈቅዱም፤ ምክንያቱን ግን ያስረዳሉ፦ ከጀርባ የሚገባው ድምፅ መንገዱ ሲዘጋ ማይኩ አቅጣጫ መለየቱን ያጣል፣ መካከለኛው ድምፅ ያብጣል፣ ቃሉም ይድበሰበሳል። የመቅረጫውን ከፍታ የለኩት በጣም በሚጮኸው ስንኝ ነው። ጫፉ ከ-10 ዴሲቤል እንዳያልፍ አደረጉት (ዜሮ ድምፁ የሚሰበርበት ጣሪያ ነው)፤ በ24 ቢት፣ ማለትም በከፍተኛ ጥራት ሲቀረጽ እስከ ዜሮ መጠጋት አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ለጉሮሮዬ ስላሰቡልኝ ነው። ወደ ጆሮ ማዳመጫዬ የሚመጣውን የራሴን ድምፅ ኮምፕረስ አድርገው፣ ከጊታሩ በላይ አውጥተው ላኩልኝ። ስክሪም የሚሠራ ሰው ራሱን ካልሰማ ይገፋል፤ ከገፋ ደግሞ ድምፁ ይደርቃል፣ ጉሮሮውም ይቆስላል። ራሴን በደንብ ስሰማ መግፋቱን ተውኩት፣ ድምፁም ወፈረ። ድካም የጀመረኝን እኔ ሳላስተውለው እሳቸው ከድምፄ ይለዩታል፤ "በቃ ልጄ፣ ውኃ ጠጣ፣ የቀረውን ነገ" ይሉና ማሽኑን ያጠፋሉ። የስቱዲዮ ሰዓት እየቆጠረ እንዲህ የሚል ሰው ስንት ነው?

ወደ ኮምፕረሽኑ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። ጋሼ ኮምፕረሰር ከማስገባታቸው በፊት ከፍና ዝቅ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ በእጃቸው ያስተካክላሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን እዚያ ላይ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ አንድ ኮምፕረሰር ሁሉን እንዲሸከም አያደርጉም፣ ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል። ፊት የሚገባው 1176 የሚባለው ፈጣን ኮምፕረሰር ዓይነት ነው፤ በ4 ለ 1 ሬሾ (ከወሰኑ በ4 ዴሲቤል ያለፈው በ1 ብቻ እንዲያልፍ አድርጎ) ድንገተኛ ጫፎችን ብቻ ይይዛል። የዚህ ማሽን አታክ (ድምፁን ለመያዝ የሚወስድበት ጊዜ) ከ20 እስከ 800 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ ቀርፋፋ የሚባለው ጫፉ እንኳ ፈጣን ነው። እሳቸው ወደዚያው ወደ ቀርፋፋው ይጠጉታል፤ የ"ክ" እና የ"ት" ምት ሳይቆረጥ ያልፋል፣ ቃሉ የሚሰማው በዚያ ነው። የአታኩ ቁልፍ ከለመድነው ተቃራኒ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚፈጥን መሆኑን ያወቅሁት ከሳቸው ነው። ቀጥሎ በብርሃን የሚሠራው የኤልኤ-2ኤ ዓይነት ኮምፕረሰር ይመጣና የቀረውን በዝግታ ያለሰልሳል። ሁለቱም ከጥቂት ዴሲቤል በላይ አይጨፈልቁም። እስከ ጥግ የሚጨፈለቅ ሌላ የድምፁ ቅጂ ለብቻው ያዘጋጃሉ፤ ከዋናው ሥር በጥቂቱ ይቀላቀላል፣ ድምፁ ከጊታር ግድግዳ መሐል ሳይሰጥም ይቆማል።

ኮምፕረሽን የትንፋሽን ድምፅም ከፍ ያደርጋል። ሌላው ቀራጭ በጌት (ዝቅ ያለውን ድምፅ በራሱ በሚዘጋ መሣሪያ) ጥርግ አድርጎ ያጠፋዋል። ጋሼ ግን ትልቁ ጩኸት ከመምጣቱ በፊት ያለውን ትንፋሽ ትተውልን፣ የቀሩትን በእጃቸው ዝቅ አደረጉ። ሳዳምጠው እኔ ራሴ የምተነፍስ ሰው ሆኜ ተሰማሁኝ።

ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ ጋሼ አይቸኩሉም። በአንድ ቀን ሙሉ አልበም ጨርሶ መውጣት የሚፈልግ ከእሳቸው ጋር አይስማማም። ግጥማችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ እያንዳንዱን ቃል እያዩ ነው የሚያዳምጡት። ዘፈኑን በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ቀድማችሁ ተለማመዱ፣ ከመቀረጻችሁ በፊት ባለው ሌሊት በደንብ ተኙ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛውንም ሥራችንን ይዘን እርስዎ ጋ ነው የምንመጣው።